በሚስስ ሬጂን ትከሻ ላይ ያረፈው እጅ

ሰው ጥፋቱን ሊናገር ሲነሳ ማመካኛውን ያስቀድማል። እኔም ከሰው አልለይም፣ ከማመካኛዬ ልጀምር። ያን ፎቶ የሠራሁት ማንንም ላታልል ብዬ አይደለም። ቢሾፍቱ ከተማ አስራ ዘጠኝ ዓመት ፎቶ ቤት ነበረኝ። በነዚያ ዓመታት እንዲህ ያለ ፎቶ ከሺህ በላይ ሠርቻለሁ፣ አንድም ሰው ተመልሶ መጥቶ አታለልከኝ አላለኝም። መርቀውኝ የሄዱ ግን ብዙ ናቸው።

ሥራው ቅንብር ይባላል። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ናት፤ ጦርነቱ ሰሜን ነበር፣ ለቅሶው ግን እኛ ሠፈር። አንዲት ሴት ሁለት ፎቶ ይዛ ትመጣለች። አንዱ ከመታወቂያ ላይ የተላጠ የባሏ ጉርድ ፎቶ ነው፣ ሌላው እሱ ከሞተ በኋላ የተወለደው ልጅ። "አንድ ላይ አድርግልኝ" ትላለች። እኔም ባሏን ሙሉ ልብስ አለብሰዋለሁ፣ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ልጁን ጭኑ ላይ አደርግለታለሁ። ፎቶው ሳሎን ይሰቀላል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ያየዋል፣ ቅንብር መሆኑንም ያውቃል። "ሲያምር፣ የት አሠራሽው?" ይላሉ እንጂ "መቼ ተነሳችሁት?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። አባትየው ልጁን አቅፎት አያውቅም፣ ፎቶው ላይ ግን አቅፎታል፤ ሁለቱም ነገር አንድ ቤት ውስጥ ተስማምቶ ይኖራል። ይህንን ለአሜሪካን ሰው ለማስረዳት ብዙ ሞክሬያለሁ። በሞከርኩ ቁጥር ራሴንም ግራ እያጋባሁት መጣሁ።

ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ስገባ የኔ ሙያ አልቆለት ነበር። ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆኗል። ከንፈሩን አሹሎ ራሱን የሚያነሳ ሰው ባየሁ ቁጥር አሁንም ንድድ ይለኛል። መቼም መብላት አለና፣ አረጋውያንን ወደ ሕክምና የሚያመላልስ ቫን መንዳት ጀመርኩ።

ሚስስ ሬጂንን ያወቅኋቸው በዚሁ ሥራ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ማሪዬታ ከሚገኘው ቤታቸው አንስቼ ለዳሌያቸው ቴራፒ እወስዳቸዋለሁ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አይሁድ ናቸው፣ ቤልጅየም አገር አንትወርፕ የተወለዱ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አጎታቸው ወደዚህ ያመጣቸው ናቸው። ከስልሳ ዓመት በላይ እዚህ ኖረውም እንግሊዝኛቸው እንደኔው የመጤ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ትልቅ ትንሽ አያውቅም፣ ሁሉንም በአንድ ይጠራል፤ እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የምላቸው። ቁጡ ሴት ናቸው። ፍሬን ያዝ፣ መስመርህን ጠብቅ፣ ሬዲዮውን ቀንስ ሲሉኝ ነው የምንደርሰው። እኔም ቁጡ ስለሆንኩ ተግባባን።

አንድ ቀን አገርህ ምን ትሠራ ነበር ብለው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ያረጀ ቡናማ ፖስታ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ቫኑ ውስጥ ገቡ።

"እነዚህ እየደበዘዙ ነው። ማደስ ትችላለህ?" አሉኝ።

"ስንት ናቸው?"

"አላውቅም። እስከ ታች አይቻቸው አላውቅም። አጎቴ ሲሞት ነው የደረሱኝ። ከላይ ያሉትን አራት አምስቱን አያለሁ፣ ከዚያ እዘጋዋለሁ።"

ቀይ መብራት ላይ ስንቆም አንዷን አውጥተው አሳዩኝ። የአንዲት ሠላሳ ያልሞላት ሴት ጉርድ ፎቶ ናት፣ ጸጉሯ በአንድ በኩል የተከፈለ፣ ካሜራውን አፍጥጣ የምታይ። ከመታወቂያ ላይ የተላጠች መሆኗን ወዲያው አወቅሁ። አንዱ ጥግ ላይ የቀይ ማኅተም ጠርዝ አለባት።

"እናቴ ናት" አሉ። "ማኅተሙ አይሁድ ናት የሚለው ነው። ያለችኝ ይቺ ብቻ ናት። አባቴን ጀርመኖች ቀድመው ለግዳጅ ሥራ ወስደውት ነበር። እሷ እኔን ገበሬዎች ቤት አስቀምጣኝ ወደ ከተማ ተመለሰች፣ ስድስት ዓመቴ ነው ያኔ። በዚያው በጋ ሠፈሩን ዘግተው አይሁዱን ለቀሙና በባቡር ጫኗቸው። አልተመለሰችም። ፖስታውን ጎረቤት ነው ደብቆ ያቆየው፣ ገበሬዎቹ ጋ የተነሳሁትን አንዷን ደግሞ አጎቴ በኋላ ጨመረበት።"

"አብራችሁ የተነሳችሁት የለም?"

"የለም። ፊቷን የማውቀው ከዚች ወረቀት ነው፣ ከራሴ አይደለም። ገበሬዎቹ ስሜን ለወጡትና ስለ እናትሽ አታውሪ፣ አታስቢ አሉኝ። እኔ ደግሞ ታዛዥ ልጅ ነበርኩ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጥሩንባ እስኪነፋብኝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። ታዛዥ በመሆኗ እናቷን ያጣች ልጅ እስከዛሬ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሥራውን የሠራሁት ልጄ ሚካኤላ ቤት ነው፣ ፒችትሪ ኮርነርስ። እሷ ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች፣ ስካነሩም ፕሪንተሩም የእሷ ነው፤ በኮምፒውተር ፎቶ ማደስንም ያስተማረችኝ እሷው ናት። ፖስታው ውስጥ አርባ ሦስት ፎቶ አገኘሁ። ሠርግ አለ፣ ባሕር ዳር ቁምጣ ለብሰው የሚስቁ ልጆች አሉ፣ ከብስክሌቱ ጋር የቆመ ጎረምሳ አለ፣ ከገበሬዎቹ ልጆች ጋር ዳር ላይ የቆመች የስድስት ዓመቷ ሬጂንም አለች። እያንዳንዱን እየገለበጥኩ ጀርባውን አየሁ። እኛ አገር ፎቶ ሲሰጣጡ ከኋላው ይጻፍበታል፤ ለማስታወሻ፣ ለእገሌ፣ ከእገሌ፣ ቀን። እነዚህ ባዶ ናቸው። ለምን ይጽፋሉ፣ ሁሉም ይተዋወቁ ነበር። ዛሬ ግን መቶ ከሚሆነው ሰው ውስጥ ሚስስ ሬጂን ከላይኞቹ ፎቶዎች በስም የነገሩኝ ሰባቱን ብቻ ነው። የቀሩትን የሚያውቅ በዓለም ላይ የለም። ያን ሳስብ እጄ ሥራውን ማቆም አቃተው።

በመጀመሪያ እናትየዋን ከማኅተሙ አጸዳኋት። ማኅተም ያለበት ፎቶ የመሥሪያ ቤት እንጂ የሰው አይመስልም። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ ቅንብሩን ጀመርኩ። እናትየዋን ሠርጉ ላይ ካገኘሁት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ ልብስ አለበስኳት። ልጅቷን ከገበሬዎቹ ግቢ አውጥቼ አጠገቧ አቆምኳት። ቀረኝ እጁ። ጉርድ ፎቶ እጅ የለውም፣ የቅንብር ትልቁ ጣጣ ሁልጊዜ እጅ ነው። ቢሾፍቱ ሳለሁ የእጅ ኔጋቲቭ ብቻ የሞላበት መሳቢያ ነበረኝ፤ እዚህ ምን አለኝ? ባለቤቴን ፀሐይነሽን ጠራኋትና የወንበር መደገፊያ ላይ እጇን አሳርፋ አነሳኋት። ትንሿ ጣቷ ልጅ ሳለች ተሰብራ ጠማማ ሆና የቀረች ናት። ላቃናት እችል ነበር፣ ግን ተውኳት። እንከን የሌለው እጅ የሰው እጅ አይመስልም፣ የባለሙያ ዓይን ይህን ያውቃል። እጇን አወጣሁና በልጅቷ ትከሻ ላይ አሳረፍኩት። ሲያልቅ ራሴን አደነቅሁ። እውነቱን ነው የምናገረው፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ያ በረዶ ጥሎ ከተማው ሁሉ መኪና ውስጥ አውራ ጎዳና ላይ ያደረበት ሰሞን ነው። ሚስስ ሬጂን ጉንፋን ይዟቸው ቴራፒውን አቁመው ስለነበር ሥራዬን ቤታቸው ለምትረዳቸው ሴት አስረከብኩ። ዋናዎቹን በቡናማው ፖስታ፣ እኔ ያተምኳቸውን ደግሞ በአዲስ ፖስታ። ቅንብሩን ከአዲሶቹ መካከል ከተትኩት። ምንም አልጻፍኩበትም። ምን ብዬ እጽፋለሁ? ቅንብር ያየ ሰው ቅንብር መሆኑን ያውቃል። የኔ ስህተት ይቺ ናት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ላነሳቸው ስሄድ ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተው ጠበቁኝ። ቀበቷቸውን ሳስር እጄን ያዙኝ።

"እስከ ታች አየኋቸው" አሉ። "በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።"

"ደስ አለዎት?"

"ንዋይ፣ ከእናቴ ጋር የተነሳሁት ነበረ። ፖስታው ውስጥ ነበረ። ይሄን ሁሉ ዓመት እዚያው ነበረ፣ እኔ ፈርቼ አላየሁትም።"

ክው አልኩ። አፌን ከፈትኩ፣ ግን እሳቸው አላቆሙም። መኪናውን አስነስቼ አውራ ጎዳናው ላይ ወጣሁ፣ እሳቸው ከኋላ ይናገራሉ። የፎቶ ቤቱን ክፍል አስታወሱ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ነበረ አሉ። ጫማቸው ጠቧቸው ነበር። እናታቸው ጎንበስ ብላ በይዲሽ በጆሯቸው የሆነ ነገር ተናግራለች፣ ምን እንደሆነ ትናንት ነው የመጣላቸው።

"ምን አሉዎት?" አልኩ፣ ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

"'አትነቃነቂ፣ አሁን ያልቃል።'" አሉ። "ትንሿ ጣቷ ጠማማ ነበረች። ይሄን እንዴት እረሳለሁ?"

የምወጣበትን ኤግዚት አለፍኩት። ቀጣዩንም አለፍኩት። የዳውንታውን ሕንጻዎች ፊቴ ሲገተሩ ነው የነቃሁት። መስመርህን ጠብቅ የሚሉት ሴትዮ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፣ ፈገግ ብለው በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ።

ከቴራፒው መልሼ ቤታቸው አደረስኳቸውና ፓርክ አድርጌ መሪው ላይ ተደፍቼ ቀረሁ። ጣቷ የሚስቴ ናት፣ ይሄ ግልጽ ነው። ከፎቶው አይተው ነው ያስታወሱ የመሰላቸው። የጠበበው ጫማስ? እኔ ጫማ አላጠበብኩም። መጋረጃውስ? በጆሮ የተነገረው ቃልስ የማን ነው? እኔ የሠራሁት ፎቶ ያልሠራሁትን ነገር ከየት አመጣው? ወይ ሌላ ቀን፣ ሌላ ፎቶ ቤት፣ በእርግጥም ከእናታቸው ጋር ተነስተው ነበር፣ ፎቶው ጠፍቶ ትዝታው ተርፎ ነበር። ወይ ደግሞ ሰባ ዓመት የተራበ ሰው ያገኘውን ሁሉ ምግብ ያደርጋል። የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ እሳቸውም አያውቁም፣ የሚያውቀው ሰው ከሞተ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው።

እሑድ ሚካኤላ ቤት ምሳ ስንበላ ሁሉንም ተናገርኩ። ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች።

"ዳዲ፣ ሲሪየስሊ? ምንም ሌብል አላደረግክበትም?"

"የምን ሌብል? ቅንብር እኮ ነው።"

"እሳቸው ቅንብር ምን እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ኦኬ፣ ሊስን። ይሄ የአይሁድ ጭፍጨፋ ጭራሽ አልተፈጸመም የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ኢንተርኔቱ ሙሉ ነው። አንድ ፌክ ካገኙ የቀሩትንም ፌክ ናቸው ይላሉ። አርባ ሦስቱንም። እና ደግሞ ማኅተሙን ኢሬዝ አድርገኸዋል። ማኅተሙ እኮ ነው ኤቪደንሱ።"

"እኔ ሴትዮዋን ከማኅተሙ ላወጣት ብዬ ነው።"

"አይ ኖው፣ ዳዲ" አለች፣ በዚህ ጊዜ ድምጿ ለስለስ ብሎ። "ግን ንገራቸው።"

ፀሐይነሽ ሰሃን እየሰበሰበች ነበር። "ተወው በቃ" አለችኝ። "ትልቅ ሴት ናቸው። ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት ሊኖሩ ነው? እናታቸውን አግኝተው ይሙቱ።" ከዚያ ሰሃኑን አስቀምጣ እጇን ገልብጣ አየችው፣ ሌላ ሰው አውሷት የምትመልስበት ቀን የደረሰ ይመስል። "ግን እኔ እናታቸው አይደለሁም" አለች።

ቢሾፍቱ አንድም ሰው አታለልከኝ አላለኝም ብያለሁ፣ እውነት ነው። አንዲት ልጅ ግን መጥታ ነበር፣ አስራ አራት ዓመቷ ይሆናል፣ አባቷ ጭን ላይ ያስቀመጥኳት። "አባቴ ሲያቅፈኝ አልቅሼ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። "አላለቀስሽም" አልኳት። ያን ቀን ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ቤቴ እያፏጨሁ ገባሁ። አሁን ግን እንጃ። ልጅቷ ያን መልስ ይዛ የት እንደደረሰች አላውቅም።

ማክሰኞ ልናገር ብዬ ፎከርኩ፣ አልተናገርኩም። ሐሙስ ደግሞ እሳቸው ቀደሙኝ።

"ከጭፍጨፋው የተረፉ ሰዎችን ታሪክ የሚሰበስበው ሙዚየም ጋ ደወልኩ" አሉ። "ስንት ዓመት ሙሉ ታሪክሽን እንቅረጽ እያሉ ሲለምኑኝ እምቢ ስል ኖሬያለሁ። የምለው ነገር አልነበረኝም። እናቴን ረስቻታለሁ ብዬ ካሜራ ፊት ልቀመጥ? አሁን ግን አለኝ። ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ሊቀርጹኝ ይመጣሉ። የፎቶውንም ዋናውን አዘጋጂ ብለውኛል፣ እኔ ዓይኔ ደክሞ አጣሁት። መጥተህ ፖስታው ውስጥ ትፈልግልኛለህ?"

"እሺ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ፈሪ መሆኔን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። በልቤም ደጋግሜ አሰብኩት፤ ብናገር እናታቸውን ሁለተኛ እወስድባቸዋለሁ፣ ዝም ብል በዓለም ፊት ውሸታም አደርጋቸዋለሁ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብሎ የሚመልስልኝ ሰው አጣሁ።

ረቡዕ ጠዋት ስወጣ ፀሐይነሽ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች።

"የት ነው?" አልኳት።

"እጄ እስካለበት ድረስ እኔም እሄዳለሁ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ብቻውን አይሄድም።"

ባዶ እጃችንን አንገባም ብላ ሙዝና ብርቱካን ገዛን፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው። ሚስስ ሬጂን ቤት ከቀረጻው አንድ ሰዓት ቀድመን ደረስን። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰዋል። ቅንብሩ በፍሬም ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፣ ቡናማው ፖስታ አጠገቡ ተዘርግቷል። ፀሐይነሽን አስተዋወቅኋቸው፣ ፍራፍሬውን ተቀብለው አመሰገኑ፣ ተቀመጡ አሉን። ሁለታችንም አልተቀመጥንም።

"ሚስስ ሬጂን፣ የዚህ ፎቶ ዋና ፖስታው ውስጥ የለም" አልኩ።

"የት ሄደ?"

"ኖሮም አያውቅም። እኔ ነኝ የሠራሁት። እናትዎን ከመታወቂያው ላይ ካለው ፎቶ፣ እርስዎን ከገበሬዎቹ ግቢ። አገሬ እንዲህ ይሠራል፣ ሰው ሲሞት። ያውቃሉ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሊገባቸው አልቻለም። ፎቶውን አነሱ፣ ወደ ብርሃን አቀረቡት፣ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"እጁስ?"

መልስ ከመስጠቴ በፊት ፀሐይነሽ ቀኝ እጇን ዘረጋችላቸው። እንግሊዝኛዋ ብዙም አይደለም፣ ግን ቃል አላስፈለጋትም። ሚስስ ሬጂን ጎንበስ ብለው ትንሿን ጣት አዩ። ያቺን አስተያየት እስክሞት አልረሳትም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

"ታዲያ እኔ ያስታወስኩት ምንድን ነው?" አሉ።

"አላውቅም።"

"ጫማውስ? ቃሏስ? እሱንም አንተ ነህ የሠራኸው?"

"አይደለሁም። በእናቴ እምላለሁ፣ እሱን አልሠራሁም። ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም" አሉ። "ለጥቂት ሳምንት እናት ነበረችኝ። አሁን የቱን ልጣል፣ የቱን ልያዝ? ሂዱ፣ እባካችሁ። ሂዱልኝ።"

ወደ በሩ ስንዞር ደወሉ ጮኸ። የሙዚየሙ ቀራጭ ቀድማ ደርሳለች፣ ካሜራና የካሜራ እግር የተሸከመች ወጣት ሴት። ሚስስ ሬጂን ከተቀመጡበት ሳይነሱ አናገሯት።

"በከንቱ ነው የደከምሽው። የምናገረው የለኝም። የማስታውሰው የእናቴን እጅ መስሎኝ የዚችን ሴትዮ ነው።"

ልጅቷ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኛን ታያለች። እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገሩን አስረዳኋት፣ እያስረዳሁ አፍሬ ላብ አጠመቀኝ። ሰምታ ስትጨርስ ዕቃዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ፎቶው ባይኖርም ይናገሩ ልትል ጀምራ ተወችው። ማን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

ሚስስ ሬጂን ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ፎቶውን አንዴ አዩና የተነሱበትን ወንበር ለፀሐይነሽ አሳዩዋት።

"ተቀመጪ" አሏት።

ፀሐይነሽ እኔን አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት። ተቀመጠች። ሚስስ ሬጂን በስተቀኝ በኩል፣ ልክ ፎቶው ላይ ልጅቷ በቆመችበት ቦታ ቆሙ፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ጎባጣ፣ በከዘራ የተደገፉ ሴት። ትከሻቸውን ዝቅ አደረጉላት። ፀሐይነሽ ገባት። እጇን አንስታ ትከሻቸው ላይ አሳረፈችላቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ። የማቀዝቀዣው ሞተር ከኩሽና ይሰማኛል። ከዚያ ግንባራቸው ተቋጠረ።

"አይደለም" አሉ።

ፀሐይነሽ ደንግጣ እጇን ልታነሳ ስትል በላዩ እጃቸውን ጫኑበት።

"አታንሺው። ቆይ።" እንደገና ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አይደለም። የእናቴ እንዲህ አይደለም።"

"የእሳቸው እንዴት ነበር?" አለች ቀራጯ ልጅ በሹክሹክታ።

"አላውቅም።" እንባቸው በተቀባው ፊታቸው ላይ ወረደ፣ አልጠረጉትም። "አላውቅም። ግን ይሄ አይደለም። ይሄ እንዳልሆነ አውቃለሁ።"

ይህንን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ሐዘን ነው ብል እዋሻለሁ፣ ደስታ ነው ብልም እዋሻለሁ። እኔ ግን አለቀስኩ፣ ሰው እያየኝ፣ መሐረብ እንኳ ሳልፈልግ።

ሚስስ ሬጂን ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ፎቶ በደረቱ አስተኙት። ከፖስታው ውስጥ ማኅተም ያለባትን ትንሿን ጉርድ ፎቶ አውጥተው ያዙ። ፀሐይነሽ ልትነሳ ስትል እዚያው ሁኚ ብለው በእጃቸው አስቀሯት፣ ራሳቸው ሌላ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ልጅቷ ካሜራውን እግሩ ላይ አሰረች፣ ቀዩ መብራት በራ፣ ስምዎን ይንገሩኝ አለች። ሚስስ ሬጂን ስማቸውን ተናገሩ፣ ቀጥሎም ገበሬዎቹ የሰጧቸውን ስም። ከዚያ ካሜራውን አፍጥጠው አዩት።

"ከእናቴ ጋር የተነሳሁት ፎቶ የለም" አሉ። "እጇ ግን የዚች ሴት እጅ አይመስልም ነበር።"